ምንም የማይለው እትም

ሀፍላ በሚሉት የካርቱም አውቶቡስ ውስጥ የሰው ክንድ ማየት ካልተውኩ አንድ ቀን መደብደቤ አይቀርም። ትናንት እንኳ ከሱቅ ዐረቢ ወደ ዴም ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ክንዱ ላይ ሒጃብ የሚሉትን በቆዳ የተሰፋ ክታብ አሥሮ አየሁና ልጠይቀው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጠይቀው? «ወንድሜ፣ ክታብህን ተርትርልኝና ውስጡን ላንብበው» ይባላል? ዕብድ ናት ብሎ ቢያስወርደኝ አልፈርድበትም። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ከሰማችሁ ግን እናንተም አትፈርዱብኝም።

ሰናይት እባላለሁ። ካርቱም የመጣሁት በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ነው፤ ስናደድ የሚቀድመኝ ዐረብኛ ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ሱቅ ዐረቢ የስልክ ሽፋን እሸጥ ነበር። አንዳንድ ደንበኞቼ ሐበሻ መሆኔን ሲያውቁ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው በእኛ ፊደል ሒጃብ እንድጽፍላቸው ይለምኑኝ ነበር፤ አንዱ ለፍቅር፣ አንዱ ለሰው ዓይን፣ ወታደር ከሆነ ደግሞ ለጥይት። የሐበሻ ጽሑፍ ኃይለኛ ነው የሚል እምነት አላቸው። እኔም እየሳቅሁ ሞኛችሁን ፈልጉ እላቸው ነበር። ያኔ ያሳቀኝ ነገር ነው ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ያኔ የምኖረው ዴም ውስጥ፣ ጋሽ ደምሴ ግቢ ተከራይቼ ነበር። ጋሽ ደምሴ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ በደርግ ጊዜ ድንበሩን በእግራቸው ተሻግረው የመጡ የፖለቲካ ስደተኛ ነበሩ። በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር፤ ቪዛ ደርሶት ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ፍራሹን ለጎረቤት፣ ድስቱን ለወዳጅ ይሰጥና የአማርኛ መጻሕፍቱን ጋሽ ደምሴ ደጅ ያስቀምጣል። ስንቱ ሄደ፣ ስንቱ አስቀመጠ፤ በመጨረሻ ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ሆነ። እኔንም በአሮጌ መጽሐፍ ሱስ የለከፉኝ እሳቸው ናቸው።

እጅ የበዛባቸውንና ሽፋናቸው የተገነጠለውን መጻሕፍት የሚያስጠርዙት ሱቅ ዐረቢ አንድ ሱዳናዊ ጠራዥ ዘንድ ነበር። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ከግራ እንደሚጀምር ቢነገረው ቢነገረው አልገባው አለ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥቁር ልባስ ያለብሳቸውና ያጌጠውን ፊት እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ በቀኝ በኩል ያደርገዋል። ስለዚህ የጋሽ ደምሴን መጽሐፍ በጌጡ በኩል የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የመጨረሻውን ገጽ ነው። እሳቸው ተቆጥተው አያውቁም፤ መጻሕፍቶቼ ከእኔ ቀድመው ሱዳናዊ ሆኑ እያሉ ይስቁ ነበር።

እኔ ያኔ መጽሐፍ ሁሉ ያው መጽሐፍ ይመስለኝ ነበር። ያው ጽሑፍ ሳይነካ ዳግም ሲታተም ሌላ ሕትመት እንደሚባል፣ የተጨመረ ወይም የወጣ ነገር ካለ ግን ሌላ እትም እንደሚሆን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ እትም ባየሽ ቁጥር ምን እንደወጣ ጠይቂ ይሉኝ ነበር። ለምን ይህን ያህል ስለሚወጣ ነገር እንደሚጨነቁ አልጠየቅኋቸውም፤ የሽማግሌ አመል አድርጌ ወሰድኩት።

ጦርነቱ ሲመጣ እኔ እግሬ አውጪኝ ብዬ ከከተማው ዳር ማዮ የሚባል ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ገባሁ። እሳቸውን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼም ነበር፤ አሻፈረኝ አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት በምሥራቅ ወዳለችው ገዳሪፍ የሚሄድ የጭነት ሎሪ ተገኘ ተባለ። ከማዮ የሚነሳው የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ነው። ጋሽ ደምሴን ሳልይዝ ብሄድ ዕድሜ ልኬን እንደሚቆጨኝ ስላወቅሁ ለጓደኛዬ ቦታ ያዥልን ብዬ ወጣሁ። ስልኬን ለእሷ ተውኩት፤ ያን ጊዜ ስልክ ይዞ በመንገድ መሄድ አጉል ሞት መፈለግ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ፎቶ አታነሺም ነበር ወይ እንዳትሉኝ።

ዴም ስደርስ አገሩ ጭር ብሏል። እንደዚያ ሰው የሚጋፋበት፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ የሚያንባርቅበት ሰፈር ውስጥ፣ የራሴ ነጠላ ጫማ ድምፅ እያስደነገጠኝ ነው የሄድኩት። የምግብ ቤቱ ወንበሮች መንገድ መሐል ተደርድረው ቀርተዋል፤ ሰዎቹ ገና አሁን የተነሱ ይመስላሉ። ከየቤቱ የማውቃቸው ሰዎች ስሜን የሚጠሩ እየመሰለኝ ስንቴ ዞር አልኩ መሰላችሁ። አንድም ሰው አልነበረም።

የግቢው በር ተገንጥሎ ወድቋል። ወደ ውስጥ ስገባ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ሰዎች በአንድ ላይ በሹክሹክታ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። ቀስ ብዬ ባጮልቅ የቤቱ አንድ ግድግዳ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ተቦድሷል፤ መደርደሪያዎቹ ወድቀው መጻሕፍቱ ወለሉን ሞልተውታል፤ በቀዳዳው የሚገባው ነፋስ ገጾቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገልጣቸዋል። መሐላቸው ጋሽ ደምሴ ቁጭ ብለዋል። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ላይ የነበረው ሞራ ጨርሶ ነጭ ሆኗል። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነሱ ይዳብሷቸዋል፣ ያስቀምጧቸዋል።

«ያላ ጋሼ፣ ተነሱ። ሎሪ ተገኝቷል፣ አይጠብቀንም።»

«የሺን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

የሺ ባለቤታቸው ናት፤ አገር ቤት ገና ድሮ እንደሞተች አውቃለሁ። አእምሯቸው የተነካ መሰለኝ። ክንዳቸውን ይዤ ለማንሳት ስታገል እሳቸው ግን በቀስታ አስቀመጡኝና ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ።

የሺ ገጣሚ ነበረች። እሳቸው ከተሰደዱ በኋላ «ደጅ ያደረ ውሃ» የምትባል አነስተኛ የግጥም መጽሐፍ በራሷ ወጪ አሳተመች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ሳትጠራ ለእሳቸው የጻፈችው ግጥም አለ። አንድ መንገደኛ ያችን መጽሐፍ እዚህ ካርቱም ድረስ አምጥቶ ሰጣቸው። እሷ ካረፈች በኋላ ዘመዶቿ መጽሐፉን ደግመው ሲያሳትሙ ግን የኮበለለ ሰው የሚጠራ ግጥም ያስጠይቃል ብለው የመጨረሻውን ገጽ አወጡት። ደርግ ሲወድቅ ጋሽ ደምሴ አገር ቤት ሄደው መቃብሯን የሚያሳያቸው ሰው አጡ። ከዚያ ወዲህ ከየሺ የቀረቻቸው ያች የመጀመሪያዋ እትም ብቻ ናት።

ግጥሙን በቃሌ እወጣዋለሁ ብለው ጀመሩልኝ፦

*ስትሄድ አልጠየቅሁም፣ የምትመለስበትን፣*
*አልቆለፍኩትም እንጂ፣ በሩን የወጣህበትን።*
*ነፋስ ሲገፋው በሩን፣ ኮቴህ እየመሰለኝ፣*
*ስንቴ ከመኝታዬ፣ ቀና ቀና አሰኘኝ።*
*እንግዲህ ስትመጣ፣ ካጣኸኝ ከቤቱ፣*

እዚህ ላይ ቆሙ።

«ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ። ባነበብኩት ቁጥር ስለሚያመኝ ቶሎ ቶሎ አላነበውም ነበር። መጽሐፉ አለ ብዬ ተዘናጋሁ። ዓይኔ ሲጠፋ ደግሞ ሰው አንብብልኝ ማለት አፈርኩ። የት ፈልገኝ እንዳለችኝ ሳላውቅ አልሄድም፣ ሰናይት።»

ከውጭ ራቅ ካለ ቦታ ተኩስ ይሰማል፣ ሎሪው ሊሄድ ነው፣ እሳቸው አንድ መስመር ይፈልጋሉ። ደሜ ፈላ። ደግሞ ወዲያው አሳዘኑኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁና መፈለግ ጀመርኩ።

የዚያ ጠራዥ ሥራ እዚያ ላይ ፈተነኝ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ዓይነ ስውር ሰው በእጁ ሊለየው የማይችል አንድ ዓይነት ልባስ ነው። አንዱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ሌላውን እከፍታለሁ፤ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ተኩሱ እየቀረበ መጣ። በመጨረሻ ርዕሱን አየሁት። ገለጥ ሳደርግ «አንደኛ እትም» ይላል፤ ከሥሩ ያለውን ዝናብ አበላሽቶታል። አገኘሁት ብዬ ጮህኩ፤ ከደስታዬ ብዛት ሳምኳቸው።

እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አንደኛ እትም ይላል አልኳቸው።

«እንግዲያው አይደለም» አሉ ረጋ ብለው። «በዚያ ዘመን አንደኛ እትም ብሎ የሚጽፈው ሁለተኛው ነው፤ ከሥሩ ሁለተኛ እትም ይል ነበር፣ ጠፍቶ ይሆናል። የመጀመሪያው መጀመሪያ መሆኑን በምን ያውቃል፣ ልጄ? ሌላ እንደሚከተለው አያውቅም። ምንም የማይለውን ፈልጊ።»

መጨረሻውን ባየው እውነትም ግጥሙ የለም። እንደገና ተንበረከክሁ። ፀሐይዋ በቀዳዳው በኩል ዞራ እግሬ ላይ ስትወድቅ ሰዓቱ እየሄደ መሆኑ ገባኝና እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ከወደቀው መደርደሪያ ሥር አንድ ስስ መጽሐፍ ሳብኩ። ርዕሱ አለ፣ ስሟ አለ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም አለ። ሌላ ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንም አትልም።»

ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። መጽሐፉን አስጨበጥኳቸውና የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ አነበብኩላቸው። ስድስቱንም መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ቃላቱ ከአፌ ሳይወጡ እሳቸው ቀደሙኝ፤ አብረን ጨረስነው። ከዚያ ሳቁ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን፣ እንደ ጎረምሳ ሳቁ። እንዴት እሱን ረሳሁት አሉና መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እኔም እየሳቅሁ ነጠላዬን ሳነሳ ግቢው ውስጥ የጫማ ድምፅ ሰማሁ።

የታጠቁ ሰዎች ነበሩ። የማን ወገን እንደሆኑ አልናገርም፤ ያን ጊዜም ለማወቅ አልሞከርኩም። ሌሎቹ ደጅ ቀርተው አንዱ ብቻውን ገባ። ረጅም ነው፣ ፊቱን በሻሽ ሸፍኗል፣ የሚታዩኝ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲያይ ግራ ገባው። መሣሪያውን ወደ እኛ አድርጎ ይህ ጽሑፍ ምንድን ነው፣ ለማን ነው የምትሠሩት አለ። የማልረሳው ዐረብኛዬ ጠፋኝ። ጋሽ ደምሴ ናቸው በዚያ በጠራ ዐረብኛቸው ልጄ ሆይ ብለው የመለሱለት። የሐበሻ መጻሕፍት ናቸው፣ አስተማሪ ነኝ፣ ዓይኔ አያይም አሉት።

ሰውዬው መጻሕፍቱን በእግሩ ገፋ ገፋ እያደረገ ቀረበ። ከዚያ ዓይኑ ደረታቸው ላይ ባለው መጽሐፍ አረፈ።

«ያ ሒጃብ ነው?»

«አይደለም። ግጥም ነው። ሚስቴ የጻፈችው ነው፣ ሞታለች።»

ያንን ባይሉት ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ፤ የሙት ጽሑፍ ኃይሉ የበረታ መስሎት ይሆናል። ሰውዬው ጎንበስ አለ። ለጥይት ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ተለወጠ፤ የሚያስፈራራ ድምፅ አልነበረም፣ የሚለምን ነበር። ጋሽ ደምሴ አይሆንም ብለው ማሉለት። አላመናቸውም። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሞት ደጁ ቆሞ አንድ መጽሐፍ አቅፎ ሲቀመጥ ለምን ይመነው? እጁን ሰድዶ መጽሐፉን ከደረታቸው ላይ አነሳው። በእጁ የያዘው ጠመንጃ ባይሆን ኖሮ አንቄው እሞት ነበር።

መጽሐፉን እንደማንኛውም ዐረብኛ አንባቢ ከቀኝ በኩል፣ ከጌጡ ከፈተው። መጀመሪያ ያገኘው ገጽ የየሺ ግጥም ነው። መጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው የምወስደው፣ አባቴ፣ ሌላውን አልነካብህም አላቸው። እኔ ያ መጨረሻው ነው ልል ነበር። ቢገባውስ ምን ለውጥ ያመጣል? ወረቀቱ ሲቀደድ የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር። አጣጠፈውና ክንዱ ላይ ካሰረው ሻሽ ሥር ሸጎጠው። መጽሐፉን መልሶ ጋሽ ደምሴ ጭን ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ በዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ቅያስ ውጡ፣ ከኋላችን የሚመጡት እንደ እኛ አይደሉም አለኝ። ደጅ ላሉት ጓደኞቹ ምንም የለም፣ ኸላስ፣ በቃ እንሂድ ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። ሄዱ። ያ ሰው ዘረፈንም፣ አዳነንም።

ጋሽ ደምሴ ከእንግዲህ እምቢ አላሉም። እጃቸውን ይዤ በቅያሱ ወጣን። ማዮ ስንደርስ ሎሪው ሞተሩን አስነስቶ ነበር። መንገዱን በሙሉ ከዕቃው ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፈገግ ይላሉ። ግጥሙን እየደጋገሙት እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም በልቤ አብሬያቸው እላለሁ፤ ወይም የምል ይመስለኝ ነበር። ነገ ገዳሪፍ ስንገባ በወረቀት እጽፈዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ምን ያስቸኩለኛል፣ እሳቸው አሉ፣ እኔም አለሁ።

ገዳሪፍ የተፈናቀለ ሰው ያረፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ ገባን። ወዲያው ትኩሳት ጣላቸው። ውሃ ፍለጋ፣ መድኃኒት ፍለጋ ስሯሯጥ ግጥሙ ከሐሳቤ ወጣ። የመጨረሻ ያሉኝ ቃል ፀሐይዋ በረታች፣ ወደዚያ ጠጋ አድርጊኝ የሚል ነው። ጠጋ አድርጌያቸው ሻይ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ አርፈዋል።

ስንቀብራቸው ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። አንድ ነገር መባል አለበት ብዬ የየሺን ግጥም ጀመርኩ። «እንግዲህ ስትመጣ፣ ካጣኸኝ ከቤቱ» አልኩ። ቆምኩ። ደግሜ ጀመርኩ። ስድስተኛው መስመር የለም። በአፌ ያነበብኩት፣ አብረን የጨረስነው፣ የሳቁበት መስመር ጨርሶ ከውስጤ ጠፍቷል። የጫማው ድምፅ ይሰማኛል፣ የወረቀቱ መቀደድ ይሰማኛል፣ ከእነሱ በፊት የነበረው ግን ባዶ ነው።

ካርቱም ስመለስ ዴም ያለውን ቤት ተቃጥሎ አገኘሁት፤ ከመጻሕፍቱ የተረፈ የለም። መጨረሻዋ የተቀደደው መጽሐፍ ግን እኔ ዘንድ አለች። አዳሬን በ«ቱ» የሚያልቅ ቃል ስፈልግ ነው የማነጋው፤ ከሞቱ፣ ከጥንቱ፣ ከፊቱ፣ ከመሬቱ። ቤት ይመታሉ፣ የየሺ ግን አይደሉም። አንዳንዴ ነፋስ በሩን ሲገፋው ጋሽ ደምሴና የሺ መስመሩን ተጠራርተው ሲጨርሱት የሰማሁ ይመስለኛል፤ ስነሳ ዝም ይላሉ።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ ነገን ማመን ተውኩ። አንደኛ እትም አንደኛ ነኝ እንደማይል ሁሉ የመጨረሻም ቀን የመጨረሻ ነኝ ብሎ አይመጣም። ሎሪው ላይ የነበርንበት ያ ቀን ምንም አላለኝም። ስለዚህ አሁን ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ ቆይ እላለሁ፣ ደግመህ በለኝ እላለሁ፣ እዚያው እጽፈዋለሁ። ሰው ይሰለቸኛል። ይሰልቸኝ።

እናንተም ስለ ፈጣሪ፣ የወላጆቻችሁን ሣጥን ፈትሹልኝ። «ደጅ ያደረ ውሃ» የምትል ስስ መጽሐፍ ብታገኙ፣ አንደኛ እትም የምትል ከሆነ መልሷት፣ እሷ አይደለችም። ምንም የማትል ከሆነች የመጨረሻውን ገጽ ግለጡና ስድስተኛውን መስመር ላኩልኝ።

እስከዚያው ግን እኔ የማውቀው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ሰው ክንድ ላይ ተሰፍቶ ይዞራል። ስሙን አላውቅም፣ ፊቱን አላየሁም፣ ስንት ሰው እንደገደለም አላውቅም። ልረግመው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እሱ ከወደቀ መስመሩም አብሮት ይወድቃል። ስለዚህ ማታ ማታ ለጋሽ ደምሴና ለየሺ ነፍስ ከጸለይኩ በኋላ፣ ያን ሰውዬ ጥይት እንዳያገኘው እለምናለሁ።